ፊስቱላን የአንዲት ሴት ታሪክ ብቻ አደረጋችሁት

«ፊስቱላ» ሲባል ሁላችንም የምናስባት አንዲት የገጠር ልጅ ናት። ለቀናት አምጣ፣ ሽንቷ አላቋርጥ ብሏት ከሰው የራቀች። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል የከፈቱት ለእሷ ነው። በዚህ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ሌላውን ሕመምተኛ ከዜናም ከበጀትም ካስወጡት ጋር ነው።

ፊስቱላ ማለት መገናኘት በሌለባቸው የአካል ክፍሎች መካከል የተከፈተ መተላለፊያ ነው። ከፊንጢጣ አጠገብ መግል ቋጥሮ የፈነዳ እብጠትም ፊስቱላ ትቶ ይሄዳል፤ ስንቱ ወንድ «ኪንታሮት ነው» እያለ አፍሮ ተቀምጧል! (ለኩላሊት እጥበት ክንድ ላይ ሆን ተብሎ የሚሠራም አለ፤ እሱ እንኳ በሽታ አይደለም።) ክፉው አንጀት በሆድ ቆዳ በኩል ሲያፈስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ደግሞ ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ነው።

ከትንሹ አንጀት የሚወጣው ፈሳሽ ምግብ የሚፈጭ ነው። ቆዳ ሲያገኝ ቆዳውንም ይፈጨዋል። በ24 ሰዓት ከ500 ሚሊ ሊትር ካለፈ ሰውየው ውኃና ጨው እያለቀበት ዓይናችን እያየ ይከሳል። እዚህ ላይ ጎዝ መደራረብ እንክብካቤ አይደለም፤ ፈሳሹን የጠጣ ጎዝ ቃጠሎውን ቆዳው ላይ ያቆየዋል። የሚያስፈልገው ቀዳዳውን ለክታ ከረጢቱን በልኩ የምትቆርጥ፣ ዙሪያውን በመከላከያ ቅባት የምትሸፍን፣ የወጣውን እየለካች የምትመዘግብ ነርስ ናት። ኢንፌክሽኑ ከተገታና ሕመምተኛው በቂ ምግብ ካገኘ ያለ ሌላ ቀዶ ሕክምና የሚዘጋም አለ። እኛ ጋ ግን «ነርስ ፋሻ ትቀይራለች» ተብሎ ታልፏል። ከረጢቱን ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ የሚንከራተተው አስታማሚ ነው።

የእናቶቹም ታሪክ ቢሆን ተቆርጦ ነው የሚነገረን። በቄሳር ወይም ማህፀን ሲወጣ ፊኛ ተጎድቶ የሚመጣ ፊስቱላ አለ። ይህን ስትጠይቅ ወሬው ወዲያው ወደ «ጎጂ ባህል» ይዞራል። ያለዕድሜ ጋብቻን መክሰስ ቀላል ነው፤ ባህል ጠበቃ አያቆምም። በሰዓቱ ያልደረሰ አምቡላንስና ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የደረሰ ጉዳት ግን ተጠያቂ አላቸው።

በየዓመቱ ግንቦት 15 የወሊድ ፊስቱላ ቀን ሲከበር መግለጫ ይነበባል። ዘንድሮ ከመግለጫው በፊት ሁለት ነገር ይመለስልን፦ በሕክምና ምክንያት የሚመጣውን ፊስቱላ እያንዳንዱ ሆስፒታል ለብቻው መዝግቦ ያሳውቃል ወይ? ከረጢቱና የቆዳ መከላከያውስ መቼ ነው የመድኃኒት ግዢ ዝርዝር ውስጥ የሚገቡት?