ጥፋቱ የስልኩ አይደለም

ሮላ ባሉ የሞባይል ሱቆች በእረፍት ቀን ከእኛ ልጆች ደጋግሞ የሚሰማ ጥያቄ አለ፦ «ወንድሜ፣ ዋትሳፑ አይደውልልኝም፤ እስቲ አስተካክልልኝ።» የሱቁ ልጅ ስልኩን ያጠፋል፣ ያበራል፣ አንድ ነገር ይጭናል፣ ገንዘቡን ይቀበላል። እህታችንም ስልኬ ተበላሽቶ ነበር ብላ ትሄዳለች። እህቴ፣ ስልክሽ አልተበላሸም። የተዘጋ ነገር ነው። የተበላሸና የተዘጋ አንድ አይደለም፤ የተበላሸ ይጠገናል፣ የተዘጋ ግን የዘጋው ሰው አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በኤምሬትስ በዋትሳፕ ጽሑፍ ይሄዳል፣ ፎቶ ይሄዳል፣ የድምፅ መልእክትም ይሄዳል። በቀጥታ መነጋገር ብቻ የለም። ኢሞም እንደዚሁ። እዚህ አገር የተሸጠ አይፎን ለዓመታት ፌስታይም የሚባለው ነገር ጭራሽ አልነበረበትም። ስካይፕ በ2018 መግቢያ ላይ ከስልክም ከኮምፒውተርም ላይ ተዘጋ። ደንቡ በኢንተርኔት የስልክ አገልግሎት የሚሰጠው በፈቃድ ብቻ ነው ይላል። በዚያው ወር የቴሌኮም ድርጅቶቹ ቦቲምን የመሰለ መተግበሪያ በወር 50 ድርሃም ለሞባይል አቀረቡ። በአንድ በኩል በሩ ተዘጋ፣ በሌላ በኩል ቁልፉ ለሽያጭ ወጣ። ይሄን ነው እኛ «ስልኬ ተበላሸ» የምንለው።

«50 ድርሃም ምን አላት?» የሚሉ አሉ። እስቲ እንቁጠራት። በዓመት 600፣ በሁለት ዓመት ኮንትራት 1200 ድርሃም ይሆናል። ደሞዟ 1000 የሆነች ልጅ ከአንድ ወር በላይ በነፃ ሠራች ማለት ነው፤ ያውም የእናቷን ድምፅ ለመስማት። ቢሮ የሚሠራ ሰው በአንድ ምሳ የሚያወጣት ገንዘብ ለእኛ የታናሽ ወንድም ደብተርና ጫማ ናት።

«ቪፒኤን ጫኚ፣ ሁሉም ይጭናል» የሚሉም አሉ። ሁሉም ሲያዝ ግን አብሮሽ አይታሰርም። የ2021ዱ የሳይበር ወንጀል ሕግ አድራሻን ደብቆ ወንጀል ለመሥራት ወይም ወንጀል እንዳይታወቅ ለማድረግ የተጠቀመን በእስር ወይም ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም በሚደርስ ቅጣት፣ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ባንክና ኩባንያ ለሥራው ቪፒኤን ሲጠቀም ማንም አይነካውም፤ የተዘጋ ነገር ለመክፈት የተጠቀመ ግን አደጋ ላይ ነው። ትንሹን ቅጣት በ1000 ድርሃም ደሞዝ ብናካፍለው 500 ወር ይሆናል። ከ41 ዓመት በላይ ማለት ነው። ደግሞ በነፃ የተገኘ ቪፒኤን በእውነት ነፃ ነው? የምትልኪው ሁሉ በማታውቂው ሰው ማሽን በኩል ያልፋል። በዚያው ስልክ ላይ የገንዘብ መላኪያሽና የኢቃማሽ ፎቶ አለ። የሱቁ ልጅ 20 ድርሃሙን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ሰው ይዞራል፤ አደጋው ከአንቺ ጋር ቤት ይገባል።

ሦስተኛው ወገን «ቮይስ ላኪ፣ ምን አነሰሽ?» ይላል። ይሄኛው ነው በጣም የሚያናድደው። በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚይዝ የሚደግፍ ሰው ተዘጋጅቶ ነው። እዚህ ግን ስንቷ ልጅ ናት የእናቷን ሞት በተቀዳ ድምፅ የሰማችው? «መቼ? ምን አሟት? ማን አጠገቧ ነበር?» ብትል የሚመልስላት የለም። መልሱ እስኪመጣ ማዳም ትጠራለች፣ ሳህኑም ይጠብቃል። ጥላ የሄደችው የሁለት ዓመት ልጅም ቮይስ አይገባውም፤ ፊት ነው የሚያውቀው።

ደግሞ አይቻልም አትበሉን፤ ሲፈለግ ተችሏል። በመጋቢት 2020 ኮሮና ሲመጣ ለትምህርትና ለሥራ ተብሎ ዙምና ቲምስን የመሰሉት ተፈቀዱ። ጎረቤት ሳዑዲም፣ ሁሉም መተግበሪያ ወዲያው ባይከፈትም፣ በ2017 በኢንተርኔት የመደወል እገዳን አንስታለች። እንግዲህ ለነጋዴ ስብሰባና ለተማሪ ክፍል የተገኘ ፈቃድ ለቤት ሠራተኛና ለልጇ የሚጠፋበት ምክንያት ምንድን ነው? እኛም እኮ ሠራተኞች ነን። ልጆቹ ቤት ሆነው በስክሪን ሲማሩ ቁርሳቸውን ያቀረብነው እኛ ነን።

የሰው አገር ብቻ ወቅሰን ዝም አንልም፤ የራሳችንም ቤት ንጹሕ አይደለም። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ከትግራይ የመጡ እህቶቻችን ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦባቸው የቤተሰባቸውን ደህንነት ሳያውቁ ወራት አሳልፈዋል። በ2023 መጀመሪያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ተዘጉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ የወሎ፣ የጎንደርና የጎጃም ልጅ ወራት ሙሉ የላከችው መልእክት ሳይደርስ ቀረ። የምንልከው የውጭ ምንዛሪ ይወደዳል፤ የምንልከው ድምፅ ግን እዚያም እዚህም በር ይዘጋበታል። ለገንዘባችን የተከፈተ መስመር ለድምፃችን ለምን ይጠባል?

ስለዚህ የምንለው ይሄ ነው።

አንደኛ፣ ዱባይ ያለው ቆንስላችንና አዲስ አበባ ያለው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ስለ ደሞዝ ሲደራደሩ ስለ ስልክም ይደራደሩ። ስልኩ በሠራተኛዋ እጅ እንደሚቆይ፣ የቤቱን ዋይፋይ እንደምትጠቀም፣ የመደወያ ክፍያውን አሠሪው እንደሚሸፍን ኮንትራቱ ላይ በጽሑፍ ይግባ። የ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ የሳምንት የእረፍት ቀን ሰጥቶናል። ቤተሰብ የማይሰማበት እረፍት ግን ግማሽ እረፍት ነው።

ሁለተኛ፣ ኤጀንሲ ሆይ፣ ልጅቷን ከመላክህ በፊት እዚህ የትኛው መተግበሪያ እንደሚደውልና የትኛው እንደማይደውል ንገራት። ቤተሰቧም ስልክ ላይ ያንኑ ጫን። አየር ማረፊያ ወርዳ ከዘመዶቿ መጥፋቷን የምታውቅ ልጅ ለደላላ ትመቻለች።

ሦስተኛው ለራሳችን ነው። የተፈቀዱ መተግበሪያዎች አሉ፤ ቦቲም፣ ጎቻት፣ ዙም፣ ጉግል ሚት፣ ቲምስ። አንዷ የምታውቅ ሌላዋን ታሳይ። «ስልኬን ሠርተህ ስጠኝ» ብለሽ ለማታውቂው ሰው አትስጪ፤ ከነ ፎቶሽ ከነ ሚስጥርሽ ነው የምትሰጪው። ቡድናችን ስትመጪ በነፃ እናሳይሻለን።

ሮላ ስሟን ያገኘችው ሰው ከሥሩ ይሰበሰብበት ከነበረ ትልቅ ዛፍ ነው፤ እንደኛ ዋርካ መሆኑ ነው። ዋርካ ሥር የተቀመጠ ሰው ይጠይቃል፣ ይመክራል፣ አቤት ይላል። እኛም አቤት እንበል። ቆንስላ ስትሄጂ ለፓስፖርት ብቻ አትሰለፊ፤ «የእናቴን ድምፅ በውሌ ላይ ጻፉልኝ» በያቸው። አንዷ ብትል ይስቃሉ። ሁላችንም ካልን ይጽፋሉ።