የልጆቹ አዳራሽ መጋዘን አይሆንም!

ለሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ሰሞኑን አንዳንድ አባሎቻችን «አዳራሹን የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ከሚጨፍሩበት ለዕቃ ማስቀመጫ ብናከራየው ይሻላል» እያሉ ፊርማ ሲያሰባስቡ ደርሰንባቸዋል። እኛ አንስማማም። ምክንያታችንንም በግልጽ እንናገራለን።

«ቴአትር ልጅ ያባልጋል» ይባላል። ወሬ ነው! ዮፍታሔ ንጉሤ መምህር ነበሩ፤ ቴአትራቸውንም ተማሪዎች ተጫውተውታል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ ንጉሥ ዲዮናስዮስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች ድርሰት ጽፎ መድረክ ላይ ያየው ገና አምቦ ተማሪ ሳለ ነው። ታዲያ እነዚህ ባለጉ?

ወደ ራሳችን ሠፈር እንምጣ። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተካሰው ሰላምታ ካቋረጡ ቆይተዋል። ሴቶች ልጆቻቸው ግን ድራማው ላይ እናትና ልጅ ሆነው ስለተመደቡ አብረው ማጥናት ግድ ሆነባቸው። ዛሬ አንዷ ያለ አንዷ ውኃ አትጠጣም። ድራማው የታየ ዕለት ወላጆቻቸው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አጨበጨቡ። ክሱ ገና አላለቀም፤ ሰላምታው ግን ተመልሷል። እኛ ሽማግሌ ልከን ያቃተንን ነው ልጆቹ ያደረጉት።

ሌላም አለ። «ደደብ» እየተባለ ያደገ፣ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ የሁሉንም ቃል በቃሉ ይዞ ተገኘ። ጓደኛው መድረክ ላይ ሲጠፋበት ከመጋረጃ ጀርባ ሹክ የሚለው እሱ ነው። ልጁ ራሱን ያወቀው ያኔ ነው፤ እኛም ያወቅነው ያኔ ነው። ይህን የትኛው ኪራይ ይገዛዋል?

ጥፋት የላቸውም አንልም። አምሽተው ከበሮ መትተዋል፣ መስኮትም ሰብረዋል። ይህ በደንብ ይታረማል እንጂ በር አይቆለፍበትም። «ገንዘብ የለንም፣ ጣራው ያፈሳል» የምትሉም እውነት አላችሁ። እንግዲያው መዋጮ እንጨምር፤ ልጆቹም አንድ ቀን በመግቢያ ዋጋ ያሳዩ።

እኛ ከ6ኛ ክፍል አላለፍንም። በልጅነታችን «አንተስ ምን ትችላለህ?» ብሎ የጠየቀን ሰው አልነበረም። ለእነዚህ ልጆች ጠያቂው ያ አዳራሽ ነው።

የፊታችን እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ተገኝታችሁ ድምፅ ስጡ። ቤት ቁጭ ብሎ ማማት አይሠራም!

የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ኮሚቴው