ሙጫው ይቆየን

ቅዳሜ ጠዋት ከአምስተኛ ክፍል ልጆች ጋር ስንቀመጥ እርሳስ አናወጣም። ጠረጴዛው ላይ ያለው መቀስ፣ ያለፈው ዓመት ካላንደር፣ የጫማ ካርቶን፣ አሮጌ ጋዜጣና ከስንዴ ዱቄት ያበሰልነው ሙጫ ነው። ከዚህ ሁሉ አራት ሳጥን ያለው የሥዕል ታሪክ ይወጣል።

እርሳሱን የከለከልኩት ልጆቹን ስለሚያስፈራቸው ነው። ያልወደዱትን መስመር ወረቀቱ እስኪበሳ በላጲስ ሲፍቁ፣ ታሪኩ ሳይጀመር ደወሉ ይደወላል። በመቀስ የተቆረጠ አህያ ግን እግሩ ቢንሻፈፍም አህያ ነው። አራት ወረቀት ደራርበው አንዴ ሲቆርጡ ደግሞ አራት አህያ ያገኛሉ፤ ለየሳጥኑ አንድ አንድ። ሕጋችን አንድ ብቻ ነው፦ ታሪኩን አጠገብ ላለው ልጅ ተርከው ሳይጨርሱ ሙጫ አይነካም።

የዚህን ሕግ ጥቅም በደንብ ያሳየችኝ ውሃ የሚያመላልስ አህያ የሠራች ልጅ ናት። ስትተርክ ቆየችና ከሦስተኛው ሳጥን አህያውን አነሳችው፤ ቢጫው ጀሪካን ብቻውን ቀረ። «ምነው አነሳሽው?» ስላት፣ «ጠፋ እኮ፣ ቲቸር» ብላ አህያውን ኪሷ ከተተችው። ጓደኞቿ ባዶውን ቦታ ሲያዩ ወደ ሁለተኛው ሳጥን ተመልሰው፣ አህያው ታስሮ ነበር አልነበረም እያሉ መከራከር ጀመሩ። ማንበብ ማለት ለእኔ ይኸው ነው።

መቀስና ወረቀት የሕፃናት ጨዋታ ነው የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። አልስማማም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማቲስ በስተርጅናው፣ ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ ትልልቅ ሥራዎቹን የሠራው በመቀስ ነው። ታሪክን በሳጥን ከፋፍሎ መንገርም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሳጥን የሚተርከውን ሥዕል ስንቶቻችን ግድግዳ ላይ እያየን አድገናል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ደግሞ ደጉን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን አዙረው በአንድ ዓይን ይስሉታል።

ይህን ለልጆቹ ነግሬ ወረቀት አሳጠፍኳቸው። ታጥፎ የተቆረጠ ፊት እንደታጠፈ ቢለጠፍ አንድ ዓይን፣ ቢዘረጋ ሁለት ዓይን ይኖረዋል። አንዱ ልጅ የዶሮ ሌባ ታሪክ ይዞ ነበር። በሦስቱ ሳጥኖች ሌባውን እንደታጠፈ አስቀመጠው። በአራተኛው ሌባው ዶሮዋን ለባልቴቷ እየመለሰ ነው። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ብዙ አሰበ። ቀስ ብሎ ዘረጋው፤ ከዚያ ሙጫ ጠየቀኝ።