የፓምፑን ዘይት ማን ይለውጥ?

ቫኪዩም ፓምፕ ከአንድ ዕቃ ውስጥ አየርን ስቦ የሚያስወጣ መሣሪያ መሆኑ ይታወቃል። በአንዳንድ ቤተ ሙከራዎች ግን «ተበላሽቷል» ተብሎ ጥግ ይዞ ይታያል፤ ተማሪውም ሙከራውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ያውቀዋል። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ የጎደለው ማሽን ሳይሆን ጥንቃቄ ነው እንላለን።

በዘይት የሚሠራው ተሽከርካሪ ፓምፕ ሕይወቱ ዘይቱ ነው። ዘይቱ ክፍተቶችን ይደፍናል፣ ያለሰልሳል፣ ያቀዘቅዛልም። የውሃ ተን ሲቀላቀልበት ወተት መስሎ ይደፈርሳል፤ ያን ጊዜ የፓምፑ የመሳብ ኃይል ይደክማል፣ ብረቱም ይዝጋል። ስለዚህ ተን በሚበዛበት ሥራ ተኑን አቀዝቅዞ የሚያስቀር ወጥመድ ከፓምፑ በፊት ማኖርና ዘይቱን በወቅቱ መለወጥ ግድ ነው።

ሲተከልም ቦታው ደልዳላና ነፋሻ፣ የማስወጫ ቱቦው ወደ ውጭ የተዘረጋ ሊሆን ይገባል። ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑን ከዕቃው ለይቶ አየር ማስገባት ያሻል፤ አለዚያ ዘይቱ ወደ ዕቃው ሊሳብ ይችላል።

ከፍታችንም አይዘንጋ። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት የባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከውጭው አየር ጋር እያነጻጸረ የሚለካ ጌጅ በጠረፍ ወደ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲጠጋ፣ እዚህ 570 እና 580 መካከል ይቆማል። ይህን ያልተረዳ ሰው ደኅናውን ፓምፕ «ደክሟል» ብሎ ይጥለዋል።

ስለዚህ ፓምፕ ሲገዛ የዘይቱ በጀትና የኃላፊው ስም አብረው ይመዝገቡ። ዘይት መለወጥም የተማሪው የቤተ ሙከራ ትምህርት አካል ይሁን፤ መሣሪያን መጠበቅ ራሱ ሳይንስ ነውና።