ወረቀቱ ምን ተቀብቷል?

ፌስታልን የሚያግደው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከጸደቀ ወዲህ፣ ከዳቦ ቤት እስከ ሱፐርማርኬት ሁሉም ወደ ወረቀት እያማተረ ነው። መቼም ለፌስታል እንባ የሚያፈስ ሰው አይገኝም፤ እኔም አላፈስም። የእኔ ጥያቄ በምትኩ ስለሚመጣው ነው። ትኩስ ሳምቡሳ ተጠቅልሎበት ዘይቱ የማያልፍ፣ ቡና ተቀድቶበት የማይበሰብስ ወረቀት ሲያቀርቡልን ምን ቀብተውት ነው?

ምክንያቱም ወረቀት በባሕርይው እንዲህ አይደለም። የተሠራበት የእንጨት ቃጫ ውሃ ይስባል፤ በቃጫዎቹ መሃል ያለው ክፍተት ደግሞ ዘይት ይመጥጣል። ቦምቦሊኖ በጋዜጣ ተጠቅልሎለት የበላ ሁሉ ያውቀዋል። የወረቀት ኩባያ ሻይ የሚይዘው ውስጡ በስስ ፖሊኢትሊን ስለተለበጠ ነው። ፖሊኢትሊን ማለት ደግሞ ያው የፌስታሉ ዕቃ ነው። ፌስታልን በአዋጅ አስወጥተን በወረቀት ሆድ ውስጥ ደብቀን ልናስገባው ነው ማለት ነው፤ ያውም ከወረቀቱ ለመለየት በሚያስቸግር መልኩ።

ከዚህ የባሰው ግን ዓይን የማያየው ነው። ካርቦንና ፍሎሪን እጅግ አጥብቀው የተያያዙባቸው፣ በጥቅሉ ፒፋስ የሚባሉ ኬሚካሎች አሉ። (የስምጥ ሸለቆን ሕዝብ ጥርስ የሚያበላሸው ፍሎራይድ ሌላ ጉዳይ ነው።) ጥቂት ብቻ ወረቀት ላይ ከተደረገ ውሃም ዘይትም አያልፍም፤ ፈጣን ምግብ ቤቶች ለዓመታት የወደዱት ለዚህ ነው። ችግሩ ያ የካርቦንና የፍሎሪን ማሰሪያ አለመፈታቱ ነው፤ ወረቀቱ ሲበሰብስ ኬሚካሉ አፈርና ውሃ ውስጥ ይቀራል። የዚህ ቤተሰብ አንድ አባል፣ ፒኤፍኦኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል። ዴንማርክ ፒፋስን ከምግብ ወረቀትና ካርቶን ያገደችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ቅባት መከላከያው ፒፋስ ለምግብ ወረቀት መሸጥ እንዳበቃ አስታወቀ። የአውሮፓ ኅብረት ገደብ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2026 ጀምሮ ይጸናል። እዚያ በር የተዘጋበት ዕቃ ሌላ ገበያ ቢፈልግ አይገርመኝም።

ታዲያ በምን ይተካ? መልሱ ከተፈጥሮ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ቀላል አይደለም። ሰም ውሃን ይመልሳል፣ ከዘይት ጋር ግን ዘመዳሞች ናቸው። ስታርችና ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚወጣው ኪቶሳን ዘይትን ያግዳሉ፣ ውሃን ግን ይጠጣሉ። አንዱ ሲያሟላ ሌላው ይጎድላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ማዳበል ጀመሩ፤ በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስታርችን ዜይን ከሚባለው የበቆሎ ፕሮቲን ጋር አጣምረው ወረቀት ላይ ሞክረዋል። ሙከራው የሚመዘንበት መንገድ ደስ ይላል። ለውሃው፣ አንድ ካሬ ሜትር ወረቀት በተወሰነ ጊዜ ስንት ግራም እንደጠጣ ይለካል። ለዘይቱ ከ1 እስከ 12 የተቆጠሩ ፈሳሾች ይንጠባጠቡበታል። የመጀመሪያው ንጹሕ የጉሎ ዘይት ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቀጠን ያለ፣ ሰርጎ የሚገባ ፈሳሽ ይበዛበታል። ወረቀቱ የተቋቋመው የመጨረሻው ቁጥር ውጤቱ ነው።

እኛ ዘንድ ድፎ ዳቦ በኮባ የምትጋግር እናት ይህን ሁሉ ሳትለካ ትሠራበታለች። ቅጠል ውሃ የማያስገባው ኩቲን በሚባል ሽፋንና በሰም ስለተለበጠ ነው። ሰሙስ ቢሆን ሞልቶን የለ? ከጠጅ ቤት የሚወጣው ሰፈፍ ተጣርቶ ወደ ውጭ የሚላክ ሸቀጥ ነው። ለቆሎ፣ ለዳቦ፣ ለስኳር የሚሆን ሰም የተቀባ ወረቀት እዚሁ ለመሥራት የሚያግደን ብዙ ነገር አይታየኝም። ለትኩስ ወጥ ግን አይሆንም፤ የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይቀልጣል።

«ባዮ» የሚል ጽሑፍ ስላየን ብቻ ግን አንታለል። በብራዚል ከሸንኮራ አገዳ ፖሊኢትሊን ይሠራል፤ ምንጩ ተክል ነው፣ እሱ ራሱ ግን እንደ ማንኛውም ፕላስቲክ አይበሰብስም። ከበቆሎ የሚሠራው፣ ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክም በደንብ የሚበሰብሰው 60 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ባለው የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ውስጥ ነው። ቆሼ ላይ ሲጣል ማን ያሞቅለታል?

ስለዚህ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ወረቀቱ በገፍ ከመግባቱ በፊት ይቅደሙ። ዴንማርክ ለአመላካችነት የወሰደችው ልክ በአንድ ኪሎ ወረቀት 20 ሚሊግራም ኦርጋኒክ ፍሎሪን ነው፤ ለመነሻ ይበቃናል። አስመጪውም ሽፋኑ ከምን እንደተሠራና የት እንደሚበሰብስ በጽሑፍ ያቅርብ። ምግብ ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ የሚቀጥለውን እሽግ ወረቀት ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ምን እንደተቀባ ጠይቁት።