ያልታረመ ግምት፦ ስለ ስውር የመስክ ጥናት በዋግ ኽምራ

ስውር የመስክ ጥናት የሚባለው ተመራማሪ ማንነቱን ወይም ዓላማውን ከሚያጠናቸው ሰዎች ደብቆ መረጃ የሚሰበስብበት ስልት ሲሆን፣ ደጋፊዎቹ ሰው እየተጠና መሆኑን ካወቀ አነጋገሩንም አኗኗሩንም ስለሚያሳምር እውነቱ የሚገኘው ሳያውቅ ሲቀር ነው ይላሉ። ይህ ሙግት በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉት የዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች ሲፈተሽ ገና ሥነ ምግባሩ ሳይነሣ በራሱ መመዘኛ ይወድቃል።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት፣ ማለትም የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች በአብዛኛው እርከንን በመሰለ የማኅበረሰብ ሥራ ምትክ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው ፕሮግራም፣ ተጠቃሚውን የሚመለምለው ሀብቱ እየታየ ነው፤ ጥሪት አፍርቷል የተባለም «ተመርቆ» ይወጣል። ስለዚህ የፍየሉንና የማሳውን ብዛት የሚጠይቅ እንግዳ፣ ይልቁንም ከቀበሌ ሹም ጋር ከመጣ፣ ለገበሬው መዝጋቢ ነው። ይህን ግምት እያወቀ ያላረመ አጥኚ አንድም ቃል ባይዋሽ ማንነቱን ደብቋል፤ ያገኘውም መልስ ለእርዳታ የተሰናዳ እንጂ የኑሮው ልክ አይደለም። በአማርኛ ተነብቦ የአካባቢው ቋንቋ የኽምጣና ተናጋሪው አውራ ጣቱን ያሳረፈበት የስምምነት ቅጽ ይህን አይለውጠውም።

ወደ ሥነ ምግባሩ ስንመጣ፣ አሜሪካዊው ሎድ ሃምፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1970 በመጽሐፍ ባወጣው ጥናቱ በሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች በስውር የሚገናኙ ወንዶችን ከተመለከተና በመኪናቸው ታርጋ አድራሻቸውን ካገኘ በኋላ፣ ዓመት ቆይቶ መልኩን ለውጦ በጤና ጥናት ስም ቤታቸው ድረስ ሄዶ ጠይቋቸዋል። ስማቸው አልወጣም ብለው ለሥራው የሚሟገቱ አሉ፤ ሆኖም አደጋውን የመቀበል ወይም ያለመቀበል ውሳኔ የተጠኚዎቹ ነበር፣ የተነጠቁትም እርሱን ነው። በዋግ ደግሞ ስም መደበቁ ራሱ ከለላ አይሆንም፤ ባሏ የሞተባትንና ልጇ የተሰደደባትን ሴት የሚያነሣ ሪፖርት ስሟን ባይጽፍም የጎጡ ሰው ሁሉ ያውቃታል።

በምልመላ አድልዎ የሚጠረጠርን ሹም ለማጋለጥ ስውርነት ግድ ይላል የሚለው ክርክር ክብደት አለው፤ ይሁንና በሹሙ ላይ የተገኘ ፈቃድ እርዳታ ጠባቂውን ቤተሰብ አይጨምርም።

በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ለማስቀረት የተነሣ በመሆኑ፣ በዋግ ልኬትና መጠይቅ ይዘው የሚመጡ አጥኚዎች አይታጡም፤ እነርሱም ደብተር ከመግለጣቸው በፊት ሹሙን ከደጅ መመለስ፣ የሚጽፉት ከእርዳታው ዝርዝር ጋር እንደማይገናኝ በኽምጣና ማስረዳት፣ አልመልስም ያለችውንም እናት ያለ ጭቅጭቅ መተው ይጠበቅባቸዋል።