ከፋብሪካው እስከ ሻንጣው

በሲልቨር ስፕሪንግ በኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው ዋይት ኦክ ሲደርስ፣ ቀድሞ የባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ምርምር ይካሄድበት የነበረ ሰፊ ግቢ ያገኛል። ዛሬ ግቢው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ሁሉም ሰው ኤፍ ዲ ኤ የሚለው መሥሪያ ቤት፣ ዋና መቀመጫ ነው። ልጆቿን ጠይቃ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ጎንደር የምትመለስ እናት የሦስት ወር የደም ግፊት መድኃኒት በሻንጣዋ ይዛ ስትሄድ፣ ቤተሰቡ “የአሜሪካ ነው” ብሎ የሚተማመነው በአብዛኛው በዚህ መሥሪያ ቤት ነው። መተማመኑ መሠረት አለው። ቁጥጥሩ መድኃኒቱን የሚከተለው እስከ የት ድረስ ነው የሚለው ግን ብዙም አይነሳም።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2004 መሥሪያ ቤቱ ሐሰተኛ መድኃኒቶችን ስለመከላከል ባወጣው ዘገባ ትልቅ ተስፋ የጣለው በሬዲዮ ሞገድ በሚነበብ ምልክት፣ ባለሙያዎች አር ኤፍ አይ ዲ በሚሉት፣ ላይ ነበር። ነገሩ ለታክሲ ነጂዎች እንግዳ አይደለም። የመኪና መስተዋት ላይ የሚለጠፈው ኢ ዚ ፓስ መኪናው ሳይቆም የሚያስከፍለው በሬዲዮ ሞገድ ነው። የመድኃኒቱ ምልክት ግን ባትሪ የለውም፤ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቺፕና ቀጭን አንቴና ብቻ ነው፣ ኃይሉንም የሚያገኘው ከሚያነበው መሣሪያ ሞገድ ነው። እያንዳንዱ ጠርሙስ የራሱ ቁጥር ይኖረዋል፤ ፋብሪካው፣ አከፋፋዩና ፋርማሲው ቁጥሩን እየተቀባበሉ ያነባሉ፤ ያልታወቀ ቁጥር መሐል ከገባ ይያዛል። አሠራሩ በ2007 በአገሩ ሁሉ ይስፋፋል ተብሎ ታስቦ ነበር።

በኖቬምበር 2004 ለፋብሪካዎች የሙከራ መመሪያ ወጣ። ፐርዱ ፋርማ በኦክሲኮንቲን ጠርሙሶች፣ ፋይዘርም ከ2006 መጀመሪያ አንስቶ በቪያግራ ላይ ምልክቱን ለጠፉ። (ቪያግራ መመረጡ አያስገርምም፤ እንደ እርሱ አስመስለው የሚሠሩት መድኃኒት ጥቂት ነው።)

2007 መጣ፣ ሄደም፤ የተባለው አልሆነም። ምልክቱ ለርካሽ መድኃኒት ውድ ነበር። የሠፈር ፋርማሲ ሁሉ ማንበቢያ መሣሪያ መግዛት ነበረበት። ፈሳሽ መድኃኒት ሞገዱን ይውጠዋል፣ የብረት ፎይል ደግሞ ይመልሰዋል። ሞገዱ ከሕያው ነገር የሚሠሩ መድኃኒቶችን ይጎዳ ይሆን የሚል ሥጋትም ስለነበረ፣ የሙከራው መመሪያ እነርሱን ከመጀመሪያው አስቀርቷቸዋል።

በመጨረሻ ያሸነፈው ተራ ቀለም ነው። ፕሬዚዳንት ኦባማ በኖቬምበር 27 ቀን 2013 የፈረሙበት ሕግ፣ በጥቅሉ ላይ በነጠብጣብ የተሞላች ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት እንድትታተም ያዛል። በውስጧ የመድኃኒቱ መለያ፣ የጠርሙሱ የራሱ ቁጥር፣ የባች ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያው ቀን አሉ። ሕጉ የአሥር ዓመት ጊዜ ሰጥቶ ነበር፤ ከዚያም ተራዘመ፣ ደግሞም ተራዘመ። ለአነስተኛ ፋርማሲዎች እስከ ኖቬምበር 27 ቀን 2026 ተሰጥቷቸዋል። በፋርማሲ የሚሠሩ አንባብያን የዚህን ጣጣ ከማንም በላይ ያውቁታል።

ሬዲዮው ግን ሆስፒታል ውስጥ አልሞተም። ዋሽንግተን ውስጥ ኪት ቼክ ተብሎ የተመሠረተውና ዛሬ ብሉሳይት በሚል ስም አሌክሳንድሪያ የሚገኘው ኩባንያ፣ የድንገተኛ ሕክምና መድኃኒት የሚደረደርበትን ሣጥን በሰከንዶች ውስጥ ይቆጥራል። ቀድሞ የፋርማሲ ሠራተኛ ብልቃጡን አንድ በአንድ እያነሣ ቀኑን ያይ ነበር። ከ2020 ወዲህ ፍሬዜኒየስ ካቢን የመሰለ አምራች ምልክቱን ከፋብሪካው ለጥፎ መላክ ጀምሯል።

ይህ ሁሉ ሰንሰለት የሚያበቃው ፋርማሲው መስኮት ላይ ነው። ፋርማሲስቱ ኪኒኑን ከፋብሪካው ጠርሙስ ቆጥሮ ብርቱካንማ ጠርሙስ ውስጥ ሲከት፣ አራት ማዕዘኗ ምልክት እዚያው ትቀራለች። ሕጉም በሽተኛውን አይከተልም።

ይህ ምን ችግር አለው ለሚል፣ የጁላይ 2018 ነገር ይታወስ። ቫልሳርታን የተባለው የታወቀ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ቻይና ውስጥ በተሠራው ንጥረ ነገር ላይ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ኬሚካል በመገኘቱ ከገበያ ይሰበሰብ ጀመር። የተሰበሰበው የሁሉም አምራች አልነበረም፤ የተወሰኑ ኩባንያዎችና ባቾች ነበሩ። ሜሪላንድ ያለ በሽተኛ ፋርማሲው ደውሎ ይጠይቃል። ጎንደር ያለች እናት ግን በእጇ ያለው የልጇ ሠፈር ፋርማሲ ስም የተጻፈበት ጠርሙስ ነው፤ አንዳንዴም ሻንጣው እንዳይሞላ ተብሎ ኪኒኑ በፌስታል ተጠቅልሎ ሄዷል። የርሷ ይሁን አይሁን በምን ታውቃለች? መድኃኒቱን በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው፤ ኤፍ ዲ ኤም ያን ጊዜ ምትክ እስኪገኝ ድረስ እንዳይቋረጥ መክሮ ነበር።

መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም። ብዙ ኪኒኖች ከፋብሪካ 30 ወይም 90 ሆነው ታሽገው ይመጣሉ። ሐኪሙ ያዘዘው ቁጥር ከዚያ ጋር ከገጠመ፣ ሳይከፈት እንዲሰጥ ፋርማሲስቱን መጠየቅ ይቻላል። ካልሆነም የአምራቹን ስም፣ የባች ቁጥሩንና ማብቂያውን ቀን እንዲጽፍ መለመን ነው። ተጓዡ ጠርሙሱን ይዞ ይሂድ፣ ፎቶው እዚህ ካለው ልጅ ጋር ይቅር። ምልክቷን በስልክ ያነበበ ሰው ቁጥሩን ያያል እንጂ እውነተኛነቱን አያረጋግጥም፤ ማጣሪያው የተከፈተው ለነጋዴዎቹ ነው። ኢትዮጵያም በዚሁ መንገድ ጀምራለች፤ የመድኃኒት ጥቅሎችን በእንዲህ ያለ ምልክት ስለመከታተል የአፍሪካ አገሮች በ2018 አዲስ አበባ ላይ ጉባኤ ተቀምጠዋል።

አንድ መድኃኒት ተሰበሰበ የሚል ወሬ ሲሰማ፣ የኤፍ ዲ ኤ ነጻ ስልክ 1-888-463-6332 ነው። ከመደወል በፊት የመድኃኒቱን ስም፣ አምራቹንና የባች ቁጥሩን አዘጋጅቶ መያዝ ያስፈልጋል።